ዘር የተቆጠረበት ሽርሽር

የሰፈራችን ጋዜጣ አዘጋጅ ስለ ፀደይ የቤተሰብ መዝናኛና ስለ ጓሮ አትክልት አንድ ነገር እንድጽፍ ጠየቀኝ። አትክልተኛ ነኝና ምክር አላጣም። ናናን በማሰሮ እንጂ መሬት ላይ አትትከሉ፤ መሬት ከሰጣችሁት በዓመቱ ባለቤቱ እሱ፣ እንግዶቹ እናንተ ትሆናላችሁ። ቲማቲም ሌሊቱ ሳይሞቅ ወደ ውጭ አታውጡ። ላቬንደር አበባው ሲረግፍ ይከረከማል፤ ደረቁ ግንድ ድረስ ከወረዳችሁበት ግን ዳግመኛ አያቆጠቁጥም። ስለ ቤተሰብ መዝናኛ ያለኝ ምክር አንድ ብቻ ሲሆን እሱን ለመስጠት የደረሰብኝን ማውራት ሊኖርብኝ ነው።

ዘመኑ ሞባይል ስልክ የጡብ ያህል ክብደት የነበረው፣ የያዘውም ሰው ሲደወልለት ከመቀመጫው የሚነሳበት ጊዜ ነበር። እኔ ወደ ሠላሳ እየተጠጋሁ፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ ፒስጋት ዘኤቭ በሚባል ሰፈር ከእናቴና ከአባቴ አባት ወንድም ከአባባ ፈረደ ጋር እኖር ነበር። አባቴ ወደ እስራኤል ስንመጣ ሱዳን መንገድ ላይ ስለቀረ አባት የሆኑኝ አባባ ፈረደ ናቸው። ቀን ቀን የአርሞን ሃናጺቭን መናፈሻ እንከባከባለሁ፤ ትርፍ ሰዓት ሳገኝ ደግሞ በሰው ግቢ እየዞርኩ አጥር እከረክማለሁ።

አባባ ፈረደን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋችኋል። እሳቸው ሰው ሲተዋወቁ ፊቱን አያዩም፤ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቁና ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ክሊኒክ ወረፋ ሲጠብቁ አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ዘመድ ሳያደርጉት አይነሱም። የሰፈራችን ጎረምሶች ከሴት ጓደኞቻቸው ጋር እየሄዱ እሳቸውን ከሩቅ ካዩ መንገድ ይቀይራሉ፤ ምክንያቱም በእኛ በቤተ እስራኤል ዘንድ ወንድና ሴት እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና ካላቸው አይጋቡም፤ አባባ ፈረደ ደግሞ ሰባቱንም ቤት በጣታቸው ይዘውት ነው የሚዞሩት። ሁለት እጮኛሞችን በአንድ የአውቶቡስ ጉዞ ብቻ ወንድምና እህት አድርገው አውርደዋቸዋል።

ዝናሽን ያገኘኋት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ባለበት፣ ኢትዮጵያ በሚባለው የኢየሩሳሌም መንገድ ላይ ነው። ከአንድ ግቢ አጥር በላይ የተንዠረገገ ቡገንቪሊያ ስከረክም የቆረጥኩት ቅርንጫፍ ራሷ ላይ ወደቀ። እሷ በዕብራይስጥ ተቆጣች፣ እኔ በአማርኛ ይቅርታ ጠየቅኩ። እዚያው አቅራቢያ ነርስነት ትማር ነበርና ያ አጥር ከዚያ በኋላ ከሚገባው በላይ ተከረከመ። ስንወጣ ስንገባ የሚያዩን አንድ የቤተ ክርስቲያኑ መነኩሴ ገና እጇን እንኳ ሳልይዝ ባልና ሚስት አድርገው መረቁን። የራሴ ወገኖች እንዲህ በቀላሉ የሚመርቁ ቢሆኑ ይህን ጽሑፍ ስለ ናና ብቻ ጽፌ በጨረስኩ ነበር።

የእሷ ቤተሰብ አሽኬሎን ነው የሚኖረው። እነሱ ከወልቃይት፣ እኛ ከደምቢያ የመጣን በመሆናችን ሁሉም ሰው ችግር የለም አለ። ቆጠራው እንደማይቀር ባውቅም፣ ሁለቱ ቤተሰቦች መጀመሪያ ዘና ባለ ቦታ ተዋውቀው፣ በልተው ጠጥተው፣ ከዚያ በጠገበ ሆድ ይቁጠሩ ብዬ አሰብኩ። ቀኑን የነጻነት በዓል አደረግኩት። በዚያ ቀን አገሩ ሁሉ ቤተሰቡን ይዞ ይወጣና ሳር ላይ ሥጋ ይጠብሳል፤ አትክልተኛ ደግሞ በማግስቱ ከሰል ሲለቅም ይውላል። ቦታውን የገዛ መናፈሻዬን አርሞን ሃናጺቭን መረጥኩ። ሮዝሜሪው አብቧል፣ ሳሩን ራሴ አጭጄዋለሁ፣ አሮጌው ከተማ ከፊት ለፊት ተዘርግቶ ይታያል። ከዚህ የተሻለ ቦታ ኢየሩሳሌም ውስጥ ሊኖር እንደማይችል ለዝናሽ ምዬ ተናገርኩ።

የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። ሽማግሌዎቻችን ያንን ኮረብታ የሚያውቁት በሲግድ በዓላችን ቀን ብቻ ነው። በሲግድ ደግሞ ይጾማል፣ ይጸለያል፣ ወደ መቅደሱ ቦታ ፊት ተዙሮ ይለቀሳል።

የአሽኬሎኖቹ ሚኒባስ ደርሶ የዝናሽ አያት እማማ ጥሩነሽ ከመውረዳቸው አሮጌውን ከተማ አዩና እጃቸውን ዘርግተው ጸሎት ጀመሩ። አባባ ፈረደም ከእኛ በኩል ተነስተው አጠገባቸው ቆሙ። ከጎናችን ሙዚቃ ከፍቶ የሚጨፍር ቤተሰብ ነበር፤ የእኛው ወገን ግን በረድፍ ቆሞ ያለቅስ ጀመር። የዝናሽ አባት አቶ አድማሱ ፀሐይ መነጽራቸውን አውልቀው ተቀላቀሉ። እኔ የሥጋ መጥበሻውን ማራገቢያ ይዤ መሃል ቀረሁ።

ጸሎቱ ሲያልቅ እናቴ ለአባባ ፈረደ ከተጠበሰው አነሳችላቸው። እሳቸው ሳህኑን አይተው መለሱላት።

«እዚህ ኮረብታ ላይ በልቼ አላውቅም፤ ጉሮሮዬ አይከፈትልኝም» አሉ።

እማማ ጥሩነሽም አልበሉም፤ እናታቸው ካልበሉ አቶ አድማሱም አልበሉም። ሽማግሌ ሳይበላ ታናሽ አይበላምና ያ ሁሉ ሥጋ ተቀምጦ ቀረ። ፀደይ ነው፣ ደስ የሚል ወቅት ነው ብዬ ነገሩን ለማለዘብ ብሞክር አባባ ፈረደ ፀደይ መስከረም ላይ እንጂ ሚያዝያ ላይ ሆኖ እንደማያውቅ አስረዱኝ። ለእናንተ የምሰጠው ምክር ይኸውላችሁ፦ ሁለት ቤተሰብ ስታገናኙ ሽማግሌ የሚበላበት ቦታ ምረጡ። የበላ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ጋደም ይላል። ያልበላ ሽማግሌ ግን ሥራ ይፈልጋል።

አባባ ፈረደ ሥራቸውን ጀመሩ።

መጀመሪያ አቶ አድማሱ ነበሩ ያወሩት። ትልቅ ድምፅ ያላቸው፣ ስለ ዘራቸው ማውራት የሚወዱ ሰው ናቸው። ስንት ጊዜ ቆጠራ እንደሰማሁ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ግን በሰባት ቤት ውስጥ አንድ ሰነፍ፣ አንድ ፈሪ፣ አንድ ሸክላ ሲሰራ የሚሰበርበት ሰው አላጋጠመኝም። የአቶ አድማሱ ቅድመ አያቶችም ሁሉም አንጥረኛ፣ ሁሉም ሃይማኖታቸውን ያልለወጡ፣ ሁሉም ለመኳንንት መልስ የማያጡ ነበሩ። ከሁሉም በላይ ግን የሚኮሩበት አንድ አባት ነበራቸው። ያ ሰው የሰራው ማረሻ ድንጋይ ቢመታ የሚጎዳው ድንጋዩ ነበር አሉ። ስሙም ቢያድግልኝ ይባላል አሉ።

አባባ ፈረደ የያዙትን ዘንግ ቀስ ብለው ሳሩ ላይ አስቀመጡ። የማን ልጅ ቢያድግልኝ እንደሆነ ጠየቁ። አቶ አድማሱ ነገሯቸው። ከዚያ ወዴት አገር እንደኖረ ጠየቁ። አቶ አድማሱ ያንንም ተናገሩ፤ መጀመሪያ ደምቢያ እንደነበረና ልጁ ካሳ ወደ ወልቃይት እንደተሻገረ ጨመሩ። እኔ የአባባ ፈረደን ጣቶች እያየሁ ነበር። አውራ ጣታቸው ከትንሿ ጣት ተነስቶ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፤ አባቴን ነካ፣ አያቴን ነካ፣ የአያቴን አባት ነካ። ልቤ ከጣታቸው ጋር አብሮ ይወጣ ነበር። ዝናሽ ምን እየሆነ እንደሆነ በዕብራይስጥ ጠየቀችኝ፤ እኔ ግን ዓይኔን ከጣቶቹ አላነሳሁም።

«ቢያድግልኝ አምስተኛ አባቱ ነው» አሉ አባባ ፈረደ ወደ እኔ እየጠቆሙ። «የእርስዎ ልጅስ?»

አቶ አድማሱ በጣታቸው ቆጠሩ። ራሳቸውን፣ እናታቸውን እማማ ጥሩነሽን፣ የእማማ ጥሩነሽን አባት፣ የእማማ ጥሩነሽን አያት ካሳን፣ ከዚያ ቢያድግልኝን። አምስተኛ። ለእሷም አምስተኛ።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ለቅሶ የሚሆን መስሏችሁ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። የሆነው ግን ሌላ ነው። አቶ አድማሱ ተነስተው አባባ ፈረደ አንገት ላይ ተጠመጠሙ። ሁለቱም አለቀሱ፤ ግን ከደስታ ነበር። በርሀብና በስደት የተበታተነ ዘመድ ኢየሩሳሌም ላይ ተገናኘ! ያ ጡብ የሚያህል ስልክ ወጣና ለነታንያ ተደወለ፣ ለረሆቮት ተደወለ። በየከተማው ያሉ ቆጣሪዎች ቆጠራውን እያረጋገጡ እንኳን ተገናኛችሁ አሉን። እናቴ የአቶ አድማሱን ሚስት እየደጋገመች ሳመቻት። ከደስታው ብዛት የአባባ ፈረደ ጉሮሮ ተከፈተ፤ ለዘመድ ሲባል ነው ብለው ከጥብሱ አነሱ። እሳቸው ሲበሉ ሁሉም በላ። አቶ አድማሱ በተሞላ አፍ እኔን ወንድሜ አሉኝና ዝናሽን ነይ ወንድምሽን ሳሚው አሏት።

ዝናሽ አልሳመችኝም። እስራኤል አድጋ አማርኛዋ የወጥ ቤት ያህል ብቻ ነበር፤ ይህን ግን ሳይተረጎምላት ገባት።

«ዳይ፣ አባ» አለች፤ በቃ ማለቷ ነው። «እኔ ይህን ሰው ነው የምፈልገው። የሞተ ሰው አያገባኝም።»

አቶ አድማሱ ደም እንደማይቀለድበት ነገሯት። ቁጣም አልነበራቸውም፤ ዘመድ ያገኘ ሰው ከቶ አይቆጣም። ሌላ ጥሩ ልጅ እንደሚገኝላት፣ እኔም ሰርጓ ላይ እንደ ወንድም እንደምሸኛት አጽናኗት። እሷ ተነስታ ወደ ሮዝሜሪው መደብ ሄደች። እኔ የማደርገው ቢጠፋኝ ከሰሉን ማራገብ ቀጠልኩ፤ የሚጠበስ ነገር ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ነጻነት የሚባል በዓል አላከብርም ብዬ ስምል ትዝ ይለኛል። ከምሳ እስከ ማምሻ ድረስ እነሱ ዘመድ ሲቆጥሩ እኛ ስንለያይ ዋልን።

እማማ ጥሩነሽ ብቻ ናቸው ከደስታው ያልገቡት። ሳህኑን እንደያዙ ምንም ሳይቀምሱ ከልጅ ልጃቸው አጠገብ ሄደው ሳሩ ላይ ተቀመጡና ሮዝሜሪው መሃል የበቀለውን አረም መንቀል ጀመሩ። እኔም ሄድኩ። ባለሙያ ነኝና ሥሩን ሳይበጥሱ እንዲያወጡት ላሳያቸው ፈልጌ እንጂ ሌላ የምለው አልነበረኝም። እሳቸው ዝናሽን እያዩ ነበር። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች።

«ትወዳታለህ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እወዳታለሁ፣ እማማ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። የነቀሉትን አረም አንድ ቦታ ሰብስበው፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ክንዴን ይዘው ተነሱ። ተመጋቢዎቹ መሃል ገብተው ቆሙ።

«አያ ፈረደ» አሉ፣ «ቆጠራዎ አንድ ቦታ ላይ ስቷል። ካሳ የቢያድግልኝ ልጅ አይደለም።»

አቶ አድማሱ ማኘክ አቆሙ። አባባ ፈረደ ቆጠራቸው ሳተ ሲባል በሕይወታቸው ሰምተው ስለማያውቁ የተሳሳተው ጆሯቸው መሰላቸውና እንዲደግሙላቸው ጠየቁ። እማማ ጥሩነሽ ደገሙት። አያታቸው ካሳ የርሀብ ዘመን ልጅ እንደሆነ፣ ቢያድግልኝ ከመንገድ ዳር ብቻውን አግኝቶ እንዳነሳው፣ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ አጥብቶ የጡት ልጁ እንዳደረገው ተናገሩ። አያታቸው ይህን ለእሳቸው ብቻ እንደነገራቸው፣ እሳቸውም ለማንም ሳይተነፍሱ እንደኖሩ ጨመሩ።

በእኛ ዘንድ ዘሩ የማይታወቅ መባል ምን እንደሆነ የወገኔን ልጅ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ሌላው ይወቀው። እንዲህ የተባለ ቤት ሴት ልጁን የሚጠይቅለት ያጣል። ሰርግ ላይ ሲቀመጥ ሰው ይንሾካሾክበታል። የእሱም የልጆቹም ስም ሲነሳ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አቶ አድማሱ ከአፍታ በፊት ድንጋይ የሚጎዳ ማረሻ የሰራ ሰው ዘር ነበሩ። አሁን ከመንገድ ዳር የተነሳ ልጅ ዘር ሆኑ፤ ያውም ከገዛ እናታቸው አፍ፣ ሁለት ቤተሰብ እየሰማ።

«እናቴ፣ አዋረድሽኝ» አሉ። ትልቁ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። መልስ ሳይጠብቁ ተነስተው ወደ ሚኒባሱ ሄዱና በሩን ዘግተው ተቀመጡ።

አባባ ፈረደ ጨነቃቸው። ካሳ የቢያድግልኝ ልጅ ከሆነ እኛ ዘመድ ነን፣ አንጋባም። ካልሆነ ደግሞ ሙሽራዋ ዘሯ የማይታወቅ ናት፣ እሳቸው ደግሞ ዘሩ የማይታወቅ ሰው ወደ ቤታቸው አስገብተው አያውቁም። በሁለቱም በኩል በሩ ተዘግቶ ነበር፤ እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው።

«እንግዲያ ይህ ካሳ የማን ዘር ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አላውቅም። እሱም አያውቅም ነበር» አሉ እማማ ጥሩነሽ። «ቆጣሪው እርስዎ ነዎት። ከቻሉ ይቁጠሩት።»

አባባ ፈረደ አውራ ጣታቸውን ወደ ትንሿ ጣት ወሰዱ። ዝናሽን ነኩ፣ አባቷን ነኩ፣ እማማ ጥሩነሽን ነኩ፣ የእማማ ጥሩነሽን አባት ነኩ፣ ካሳን ነኩ። ከዚያ አውራ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ፤ የሚያርፍበት ስም አልነበረም። ከጎናችን ያሉት አሁንም ይጨፍሩ ነበር። እሳቸው እጃቸውን አዩ፣ እማማ ጥሩነሽን አዩ፣ ሮዝሜሪው አጠገብ የተቀመጠችውን ልጅ አዩ። የሚያስቡት ስለ ደም ይሁን ስለ ስም ወይም ስለ እሷ እንባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ሰባት ቤት የሚቆጠረው ደም ነው» አሉ በመጨረሻ። «ደማቸው አይገናኝም። ይጋቡ።»

ማንም እልል አላለም። እናቴ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። ከዘመድነት ወደ ባዕድነት በአንድ ጊዜ ስለተመለስን ማን ማንን መሳም እንዳለበት የሚያውቅ አልነበረም። እማማ ጥሩነሽ ወደ ሚኒባሱ ሄደው ከልጃቸው ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ዞረው አላዩዋቸውም።

በዚያው ዓመት ተጋባን። ይህ እኔን ምን እንደለወጠኝ ትጠይቁኝ ይሆናል። አትክልተኛ ስለሆንኩ፣ ሎሚ በሌላ ዛፍ ግንድ ላይ ተጣብቆ እንደሚያፈራ እያነሳሁ የምሰብክ መስሏችሁም ይሆናል፤ አልሰብክም። እኔ ያገኘሁትን ደስታ አንዲት አሮጊት ስማቸውን ከፍለው ገዝተውታል። አቶ አድማሱ ሰርጋችን ላይ መጡ፣ ከእናታቸው ጋር ግን በሌላ ሰው በኩል ካልሆነ ለዓመታት አልተነጋገሩም። ለዝናሽ ታናሽ እህት ሽማግሌ ሊልኩ ቃል የገቡ ሰዎች ሳይመጡ ቀሩ። አሽኬሎን ውስጥ ሰው እማማ ጥሩነሽን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ጀመር። እሳቸው ግን ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሱብንም። ፀደይ በመጣ ቁጥር እኛ ዘንድ እየመጡ ልጆቻችንን ይዘው በረንዳችን ላይ ባቄላ ይተክሉ ነበር፤ አረሙንም ሥሩን ሳይበጥሱ ይነቅላሉ።

ያወሩት እውነት ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነው። ያ ሁሉ ዘመን ተደብቆ የኖረ ነገር ልክ በዚያች ሰዓት መውጣቱ ለእኔም ይገርመኛል። እሳቸውን ግን ጠይቄ አላውቅም፤ ዝናሽም አልጠየቀችም። እናንተም እንዲህ ያለ ስጦታ ከተሰጣችሁ አገላብጣችሁ አትዩት እላለሁ።

እማማ ጥሩነሽ የሞቱት ከዓመታት በኋላ በክረምት ነው። በለቅሶው ላይ እንደ ባህላችን የሟች ዘር ሊቆጠር ግድ ነበር፤ ቆጣሪው ደግሞ አባባ ፈረደ ናቸው። በዘንግ ተደግፈው፣ እኔን ይዘው ተነሱ። ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር፤ ቆጠራው የት ላይ እንደሚቆም እናውቃለን፣ ሲቆምም በስተመጨረሻ በመቃብራቸው አፍ ላይ ሊዋረዱ ነው። አቶ አድማሱ መሬት መሬት ያያሉ።

አባባ ፈረደ ስማቸውን ጠሩ። አባታቸውን ጠሩ። አያታቸውን ካሳን ጠሩና ትንፋሽ ወሰዱ።

«ካሳ ቢያድግልኝ» አሉ ከዚያ፤ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። የቢያድግልኝን አባት ጠሩ፣ የእሱንም አባት ጠሩ፣ አንጥረኞቹንና መልስ የማያጡትን ሁሉ አንድ በአንድ እየጠሩ እስከ ሰባተኛው ወጡ፤ ከቢያድግልኝ ወደ ላይ ያሉት ሁሉ የእኔም አባቶች ነበሩ። አቶ አድማሱ እናታቸው ሬሳ ላይ ወድቀው በትልቁ ድምፃቸው አለቀሱ።

በዚያ ቆጠራ መሠረት እኔና ዝናሽ ዘመዶች ነን፣ ትዳራችንም ሊሆን የማይገባው ነው። መወለድ የሌለባቸው ልጆቻችን ከፊታችን ቆመው ነበር። በለቅሶው ላይ ዘር መቁጠር የሚችል ሽማግሌ ከየከተማው ሞልቷል። ማንም አላረማቸውም።